የካኑን ማዕድ ያሳለፈ ሰው ጦር የሚመራው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ስለ ሞንጎሎች ሳነብ በ1260 በዓይን ጃሉት ጦርነት የሞንጎሎችን ሠራዊት የመራው ኪትቡቃ ወጥ ቤት እንደ ነበር ተጽፎ አገኘሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ የፍላጻ አፎት ያዥ የተባለ ሰው ፋርስን እንዲወጋ ሲላክ አነበብሁ። የተርጓሚ ስህተት ይሆን? ኖያን፣ ቤግ፣ አሚር፣ ዳሩጋቺ፣ ባስቃቅ ከሚባሉትስ ማን ከማን ይበልጣል?»

ምላሽ፦

ተርጓሚው አልተሳሳተም። ኪትቡቃ ባውርቺ ነበር፤ ባውርቺ ማለትም የካኑን ምግብ የሚያሰናዳና ማዕዱን የሚያሳልፍ ሰው ነው። ይኸው ሰው በ1250ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የጀንጊስ ካን የልጅ ልጅ ሁላጉ ወደ ፋርስ ከመነሣቱ በፊት 12,000 ያህል ጦር ይዞ ቀድሞ ዘመተ። በ1260 ሁላጉ አብዛኛውን ሠራዊት ይዞ ከሶርያ ሲመለስም አገሩን በአደራ የተወው ለኪትቡቃ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 3 ቀን ከግብፅ የመጣው የማምሉኮች (በባርነት ተገዝተው ወታደር የሆኑ ሰዎች) ጦር ዓይን ጃሉት ላይ ድል አደረገው፤ ኪትቡቃም ከዚያ አልተመለሰም።

አሁን ደግሞ የአሸናፊውን ወገን ይመልከቱ። ከማምሉኮቹ አዛዦች መካከል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሱልጣን የሆነው የቂፕቻቅ ቱርኩ ባይባርስ ይገኝበታል። ሙሉ መጠሪያው ባይባርስ አል-ቡንዱቅዳሪ ነው። ቡንዱቅዳር የሱልጣኑን ጠጠር ወርዋሪ ቀስት የሚይዝ ሹም ሲሆን፣ ባይባርስ በባርነት ዘመኑ የእንዲህ ያለ ሹም ንብረት ስለ ነበር የጌታው የሥራ ስም ለእሱ ቅጽል ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ቀን በአንዱ ወገን አሳላፊ፣ በሌላው ወገን የቀስት ያዥ አሽከር ተፋጠጡ። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ የሣር ምድር፣ ከአንድ ልማድ የወጡ ሰዎች ነበሩባቸው፤ በዚያ ልማድ ውስጥ ደግሞ የሹመት ስም በመጀመሪያ የሚናገረው ሰውየው ከገዢው አካል ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ነው። ምን ሥራ እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጸሐፌ ትእዛዝ ስንል ደብዳቤ የሚገለብጥ ሰው፣ እልፍኝ አስከልካይ ስንልም በር ላይ የቆመ ዘበኛ ብቻ ማለታችን አይደለም። የሁለቱ አገር ሹመቶች በታሪክ ዝምድና የላቸውም፤ እኔም ዝምድና ልፈጥርላቸው አልፈልግም። ነገር ግን ባውርቺን «ወጥ ቤት» ብሎ ተርጉሞ መሳቅ ጸሐፌ ትእዛዝን «ጸሐፊ» ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

ለምን ምግብ? ሞንጎሎች ራሳቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት፣ ዛሬ «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» ተብሎ የሚታወቀው መጽሐፍ ለዚህ ከማንም የተሻለ መልስ ይሰጣል። ጀንጊስ ካን ገና ቴሙጂን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ይሱጌይ ለልጁ እጮኛ ፈልጎለት ሲመለስ መንገድ ላይ የታታሮች ድግስ አገኘ። ውኃ ጠምቶት ነበርና ወርዶ ተቀመጠ። ታታሮቹ የድሮ ጠላታቸው መሆኑን ዐወቁና በሚጠጣው ውስጥ መርዝ ጨመሩበት፤ ቤቱ እንደ ደረሰ ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ጎሳው ጥሎት ሄደ፤ እናቱ ሆኤሉን ሥራሥርና የዱር ፍሬ እየለቀመች ልጆቿን አሳደገች። የዚህ ልጅ ልብ ውስጥ ምግብ የሚያቀርብ እጅ ምን ቦታ እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም።

ማዕድ ማሳለፍ ከመርዙም ሌላ የራሱ ፖለቲካ ነበረው። ቴሙጂን ኦኖን ወንዝ ዳር ባዘጋጀው ድግስ ላይ ሺኪዑር የተባለው አሳላፊ ዩርኪኖች ከተባለው ጎሳ ለአንዲት ታናሽ ሚስት ከታላላቆቹ እመቤቶች አስቀድሞ ቀዳ። እመቤቶቹ ለምን ለእኛ አልተቀዳልንም ብለው አሳላፊውን ደበደቡት። በዚያው ድግስ ላይ የቴሙጂን ወንድም በልጉተይ ትከሻው በሰይፍ ተቀደደ፤ ነገሩም በዱላ ድብድብ አለቀ። ዩርኪኖች በኋላ እንደ ጎሳ ሲጠፉ ታሪክ ጸሐፊው ከሚያነሣቸው ቂሞች አንዱ ይህ ነው። ግብር ሲበላ ያየ ወይም ከአያቶቹ የሰማ ሰው የመቀመጫ ቅደም ተከተልና የጽዋ ተራ ምን ያህል ደም እንደሚያፋስስ ያውቃል። ስለዚህ በ1206 ጀንጊስ ካን ታላቁን ካንነት ሲይዝ ቦሮቁልንና ኦንጉርን ባውርቺዎቹ አድርጎ፣ አንዱ ለቀኙ ሌላው ለግራው ወገን ምግብ እንዲያካፍሉ ሲያዝዝ፣ የወጥ ቤት ደንብ እያወጣ አልነበረም። ማን ስንት ይድረሰው የሚለውን ጥያቄ የሚፈቱ ሁለት ሰዎች እየሾመ ነበር። ቦሮቁል ከወደመ ሠፈር የተገኘ ልጅ ነው፤ ሆኤሉን በቤቷ አሳደገችው። በአንድ ጦርነት የካኑ ልጅ ኦጎደይ አንገቱ ላይ በፍላጻ ሲወጋ፣ የረጋውን ደም በአፉ እየመጠጠ ሌሊቱን ያደረ እሱ ነው። የሹመቱ ስም ባውርቺ ነበር፤ ሲሞት ግን የሞተው ጦር እየመራ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚገኙበት ተቋም ኬሺግ ይባላል። ቃሉ «ተራ፣ ፈረቃ» ማለት ነው። ጀንጊስ ካን በ1204 ናይማኖች የተባሉትን ተቀናቃኞቹን ከመውጋቱ በፊት ሲያቋቁመው 80 የሌሊትና 70 የቀን ጠባቂዎች ብቻ ነበሩት። በ1206 ቁጥሩን ወደ 10,000 አሳደገው፤ 1,000 የሌሊት ጠባቂዎች፣ 1,000 የፍላጻ አፎት ያዦች፣ 8,000 የቀን ጠባቂዎች። በአራት ፈረቃ ተከፍለው እያንዳንዱ ፈረቃ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይጠብቃል። ፈረቃውን ያጓደለ ሰው በመጀመሪያ 3 ዱላ፣ በሁለተኛው 7፣ በሦስተኛው 37 ዱላ ተመትቶ ወደ ሩቅ ስፍራ ይባረራል። አዛዡም ፈረቃው በተለወጠ ቁጥር ይህን ሕግ ለወታደሮቹ የማንበብ ግዴታ አለበት፤ ሳያነብ ከቀረ ጥፋተኛው እሱ ነው።

በዚህ ዘብ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ የሚታወቀው በሞንጎልኛና በቱርክኛ «ቺ» በምትለው ድምፅ በሚያልቅ ስም ነው፤ ትርጉሟ እንደ እኛው «ያዥ» ወይም «ጠባቂ» ያለ ነው። ቆርቺ የፍላጻ አፎት ያዥ፣ ኡልዱቺ ሰይፍ ያዥ፣ አክታቺ የፈረሶች ኃላፊ፣ ቢቺግቺ ጸሐፊ፣ ሱኩርቺ ጥላ ያዥ፣ ሺባውቺ የአደን ጭልፊት ጠባቂ፣ ተመቺ የግመል ጠባቂ፣ ሌሎችም ብዙ። የሌሊት ጠባቂዎቹ ከድንኳኑ ደጃፍ በላይ ብዙ ነገር በእጃቸው ነበር። የቤት አገልጋዮቹን፣ የድንኳን ሠረገላዎቹን፣ ዓላማውንና ከበሮውን፣ የምግብና የመጠጥ ዕቃውን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው የተመረጡት ደግሞ ከዋናው ዳኛ ከሺጊ ቁቱቁ ጋር ችሎት ይቀመጣሉ። ማለትም ዘበኛው ግምጃ ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ ግቢ አስተዳዳሪም ነው።

ጀንጊስ ካን ለዚህ ዘብ የሰጠው ክብር ሌላውን የጦር መዋቅር በሙሉ የሚቆርጥ ነው። የጥያቄዎን ሁለተኛ ክፍል የሚፈታውም ይህ ነው። ሠራዊቱ በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህና በቱመን (በአሥር ሺህ) የተዋቀረ ነበር። በ1206 የተሾሙት የሺህ አለቆች 95 ነበሩ፤ ከእነሱ በላይ ቀኙን ቦዖርቹ፣ ግራውን ሙቃሊ፣ መሐሉን ናያዓ ይመሩ ነበር። በወረቀት ላይ ይህ ግልጽ መሰላል ነው። ካኑ ግን ደንብ አወጣ፦ የእኔ ተራ ጠባቂ ውጭ ካለው የሺህ አለቃ ይበልጣል፤ የጠባቂዬ ተከታይም ውጭ ካለው የመቶ አለቃ ይበልጣል። የሺህ አለቃ ከጠባቂ ጋር እኩያ ነኝ ብሎ ቢጣላ የሚቀጣው የሺህ አለቃው ነው። የሌሊት ጠባቂዎችን ቁጥር የጠየቀ ሰው የዚያን ቀን የጋለበው ፈረስ ከነኮርቻው ከነልጓሙ፣ የለበሰውም ልብስ ይወሰዳል። ኤልጂጊደይ የታመነ ሰው ሆኖ ሳለ አንድ ምሽት በሌሊት ጠባቂዎቹ በኩል ሲያልፍ ተያዘ፤ ጠባቂዎቹም ትክክል ሠሩ ተባለ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉታል፤ ዘላኖቹ የካኑን ቤትና መንግሥትን ለይተው ስለማያውቁ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ነገሩ ታስቦበት የተሠራ ነው። ጀንጊስ ካን የቀድሞዎቹን ጎሳዎች ሰባብሮ ሰዎቹን በሺዎቹ ውስጥ ደባልቆ ሲያዋቅር፣ እያንዳንዱ የሺህ አለቃ በርቀት የራሱን አዲስ ጎሳ ሊያበጅ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ስለዚህ ልጆቻቸውን ወሰደ። የሺህ አለቃ ልጅ ወደ ኬሺግ ሲገባ አንድ ታናሽ ወንድሙንና አሥር ጓደኞቹን፣ የመቶ አለቃ ልጅ አንድ ወንድሙንና አምስት ጓደኞቹን፣ የአሥር አለቃ ልጅ አንድ ወንድሙንና ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል። ፈረሳቸውና ስንቃቸው የሚወጣው ከመጡበት የጦር ክፍል ነው። እነዚህ ልጆች መያዣዎች ናቸው፤ አባት ቢያምፅ የልጁ አንገት ካኑ ደጃፍ ላይ ነው። ግን ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። ካኑ ሲቆጣ፣ ሲፈርድ፣ ሲያካፍል፣ መልእክተኛ ሲቀበል እያዩ ያድጋሉ። ካኑም ማን ምስጢር እንደሚጠብቅ፣ ማን በብርድ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያሸንፈው ያያል። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ሰው ሲያስፈልገው የሚመርጠው ከእነዚህ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ በፈረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚላከው ሰው ካኑ በዚያ ቢኖር ኖሮ ምን ያዝዝ እንደ ነበር ሳይጠይቅ ማወቅ አለበት። ጥላ ሲይዝለት የኖረ ሰው ይህን ያውቃል።

የፍላጻ አፎት ያዡ ጥያቄዎም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ያነበቡት ሰው ጮርማቃን መሆን አለበት። ሞንጎሎች ኡርጌንች የተባለውን ከተማ ከያዙ በኋላ ሦስቱ የካኑ ልጆች ሕዝቡንና ምርኮውን ለሦስት ተከፋፍለው ለአባታቸው ድርሻ ሳያወጡ ቀሩ። ጀንጊስ ካን ተቆጥቶ ሦስት ቀን ፊቱን ነሣቸው። ቦዖርቹ፣ ሙቃሊና ሺጊ ቁቱቁ ለምነው አስገቧቸው፤ እሱ ግን ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ መገሠጹን አላቆመም። ያን ጊዜ ከሦስት ቆርቺዎች አንዱ የነበረው ጮርማቃን ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ተናገረ፦ ልጆቹ ገና አደን እንደሚማሩ የጭልፊት ጫጩቶች ናቸው፤ ልባቸውን ከምትሰብር ይልቅ እኛን በባግዳድ ኸሊፋ ላይ ልቀቀን አሉት። የካኑ ቁጣ በረደ፤ ሐሳባቸውም ደስ አሰኘው። አባቱን በተካው በኦጎደይ ዘመን፣ በ1230 ገደማ፣ ጮርማቃን ብዙ ሠራዊት ይዞ ፋርስን፣ ከዚያም የካውካሰስን አገሮች ወረረ። ይህን ታሪክ ሳስተምር የካኑ ልጆች አፋቸውን በዘጉበት ሰዓት አፉን የከፈተው ማን እንደ ሆነ ልብ እንዲሉ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። አጠገቡ የመቆም መብት የነበረው እሱ ነው።

ጸሐፊዎቹ ትንሽ ለየት ይላሉ፤ ምክንያቱም ሞንጎሎች በ1204 የራሳቸው ፊደል አልነበራቸውም። ናይማኖች ሲሸነፉ ታታቶንጋ የተባለ የኡይጉር ሰው የወደቀው ጌታውን ማኅተም በብብቱ ይዞ ሲሸሽ ተማረከ። ሕዝቡም ምድሩም ለእኔ ከሆነ በኋላ ይህን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አደራ ስለ ሆነ ለጌታዬ እስክመልስ ወይም እስክሞት እጠብቀዋለሁ አለ። ካኑም ማኅተም ለምን እንደሚያገለግል ከእሱ ተረድቶ አገልጋዩ አደረገው፤ ታታቶንጋም የኡይጉርን ፊደል ለካኑ ልጆች አስተማረ። ሞንጎልኛ እስከ ዛሬ በባህላዊው አጻጻፍ ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው ከዚያ በመጣው ፊደል ነው። በኦጎደይ ዘመን ዋናው ጸሐፊ ቺንቃይ ነበር። ከደቡባዊ ቻይና የመጡ መልእክተኞች እንዳዩት፣ በቻይንኛ የተጻፈ ትእዛዝ እንኳ መጨረሻው ላይ ቺንቃይ በኡይጉር ፊደል ካልጻፈበት ዋጋ አልነበረውም። ቃሉን የሚያጸናው እጅ ከሚያስተላልፈው አፍ በለጠ። ይህ ሥልጣን ግን እንደ ተሰጠ የሚወሰድ ነበር፤ ሞንግኬ ካን በ1251 ዙፋን ሲይዝ ቺንቃይ ከተሸነፈው ወገን ጋር ነበርና ተገደለ።

ወደ ማዕረጎቹ ዝርዝር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚደናገረው ሦስት ቋንቋ ስለሚነበብ ነው። ኖያን ሞንጎልኛ፣ ቤግ ቱርክኛ፣ አሚር ዐረብኛ ነው፤ በአብዛኛው የሚጠሩትም አንድ ዓይነት ሰው፣ የጦር መኳንንት የሆነ አዛዥ ነው። አንዱ ሰነድ ኖያን ያለውን የፋርሱ ጸሐፊ አሚር ይለዋል። ስለዚህ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ሦስት ላይ አይሠራም። እንደዚሁ ዳሩጋቺ በሞንጎልኛ፣ ባስቃቅ በቱርክኛ፣ ሺሕና በፋርሶች ዘንድ፣ ሁሉም በተያዘ ከተማ ወይም አገር ላይ የተቀመጠውን የካኑን ወኪል ይጠራሉ። የዳሩጋቺም የባስቃቅም ሥር «መጫን» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ማኅተም መጫን ነው የሚሉ አሉ፣ ሕዝብን መጫን ነው የሚሉም አሉ። ሥራው ሕዝብ መቁጠር፣ ግብር ማስገባት፣ ለሠራዊት ሰው ማስመዝገብ፣ የመልእክት ጣቢያዎቹን መጠበቅ፣ የአካባቢውን ገዢም ዐይን ሳይነቅሉ መከታተል ነበር። ማሕሙድ ያላዋች የተባለ የኡርጌንች ሰው ከልጁ ከመስዑድ ጋር መጥቶ የከተማን ሕግና ልማድ ለጀንጊስ ካን ካስረዳ በኋላ በቡኻራ፣ በሳማርቃንድና በሌሎች ከተሞች ከዳሩጋቺዎች ጋር ተሾሙ። ድል አድራጊው ከተማ እንዴት እንደሚገዛ ከተሸነፈው ወገን ሰው ሲማር ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቻይና ደግሞ ቁብላይ ካን በ1265 ደንብ አወጣ፦ በየአውራጃው ዳሩጋቺው ሞንጎል፣ ዋናው አስተዳዳሪ ቻይናዊ፣ ረዳቱ ከመካከለኛው እስያ የመጣ ሙስሊም ይሁን። ሦስቱ እርስ በርስ ይጠባበቁ ዘንድ ነው። በሩስ አገር ባስቃቆች ቀስ በቀስ ቀርተው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብሩን ራሳቸው መሳፍንቱ እየሰበሰቡ ለካኑ ያስገቡ ጀመር። የሞስኮ መሳፍንት የገንዘብ ጡንቻ ከዚህ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ዳሩጋቺም ቢሆን ኖያንም ቢሆን፣ ከኬሺግ የወጣ ከሆነ ቃሉ ይሰማል፤ ካልወጣ ማዕረጉ ብቻውን ብዙ አይረዳውም። ሰነድ ላይ ስም ሲያገኙ መጀመሪያ የማንን ልጅነትና የየትኛውን ፈረቃ ሰውነት ይፈልጉ።

እስከዚህ የተናገርሁት ካኑ ጠንካራ በነበረበት ዘመን ላይ ነው። ካኑ ልጅ ወይም ደካማ ሲሆንስ? ያው ቅርበት ተገልብጦ ይሠራል፤ የሚጠብቁት ሰዎች የሚያነግሡት ይሆናሉ። በፋርስ የነገሠው የሞንጎሎች ገዢ ጋዛን (1295–1304) አስተዳደሩን ሲያስተካክል ለአራቱ የኬሺግ አሚሮች ለእያንዳንዳቸው ጥቁር ማኅተም ሰጠ፤ ከቤተ መንግሥት የሚወጣ ትእዛዝ ጀርባው ላይ የእነሱ ማኅተም ያርፍበታል፣ በኋላ አላየሁም ማለት እንዳይችሉ። ሐሳቡ ተጠያቂነት ነበር። ነገር ግን ያለ አራቱ ማኅተም ትእዛዝ ካልወጣ፣ አራቱ እምቢ ያሉት ነገርም አይወጣም ማለት ነው። ከጋዛን በኋላ አቡ ሰዒድ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ዙፋን ላይ ሲቀመጥ እውነተኛው ገዢ አሚር ጮባን ነበር፤ የካኑን ቤት ልጆች አገባ፣ ልጆቹን በየአውራጃው ሾመ። ልጁ ካን ጎልማሳ ሲሆን ጮባንን ተነሣበት፤ ጮባን በ1327 ሄራት ላይ ተገደለ። አቡ ሰዒድ በ1335 ወራሽ ሳይተው ሲሞት ግን አገሪቱን የተቀራመቷት የጮባን ዘሮችና ሌሎች የአሚር ቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት ከጀንጊስ ዘር አንድ ሰው ፈልጎ ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር።

በወርቃማው ኦርዳ፣ ማለትም በቮልጋና በጥቁር ባሕር በላይ ባለው የሣር ምድር፣ የአራቱ ታላላቅ ቤጎች አለቃ ቤግለር ቤግ፣ የቤጎች ቤግ፣ ይባል ነበር። ማማይ የዚህ ሹመት ባለቤትና የካን በርዲ ቤግ አማች ነበር። ካኑ በ1359 ከተገደለ በኋላ ለ20 ዓመት ያህል ካን እያነሣ ካን እየጣለ ኖረ፤ እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ካን አልተባለም፣ ምክንያቱም ከጀንጊስ ዘር አይደለም። በ1380 ኩሊኮቮ ላይ በሞስኮው ድሚትሪ ተሸነፈ፤ ብዙም ሳይቆይ የጀንጊስ ዘር የሆነው ቶቅታሚሽ ሲመጣ ተከታዮቹ ማማይን ትተው ወደ እሱ ሄዱ። የኋለኛው ኤዲጉም እንዲሁ ነው፤ በ1399 ቮርስክላ ወንዝ ላይ የሊቱዌኒያውን መስፍን ሠራዊት ያሸነፈው እሱ ሲሆን፣ ድሉ ግን በካኑ ስም ነው። ታላቁ ቲሙር እንኳ፣ ከሕንድ እስከ አናቶልያ የገሰገሰው ቲሙር፣ ራሱን አሚር ከማለት አላለፈም፤ የጀንጊስ ዘር የሆነች ልዕልት አግብቶ ኩረጋን፣ የንጉሥ ቤት አማች፣ የሚለውን ማዕረግ ጨመረ፣ ከፊቱም እስከ 1402 ድረስ በስም ብቻ የሚገዙ ካኖችን አስቀመጠ። አማችነት እንዲህ ያለ ዋጋ የነበረው ወደ ድንኳኑ ውስጥ የሚያስገባ በር ስለ ነበር ነው። በክሪሚያ ይህ ሥርዓት ወደ አራት የጎሳ ቤቶች ተለወጠ፤ ሺሪን፣ ባሪን፣ አርጊንና ቂፕቻቅ። ያለ እነሱ ስምምነት ካን አይነግሥም ነበር፤ ከእነሱም ሺሪኖች የበላይነቱን ይዘው ኖሩ።

የማምሉኮቹ ግብፅ ሞንጎል አይደለችም፣ ግን ከዚያው የቱርክ ዘላን ልማድ ጋር የተሳሰረች ናትና አልዘላትም። እዚያም ሲላሕዳር መሣሪያ ያዥ፣ ጀምዳር ልብስ ያዥ፣ ደዋዳር የቀለም ቀንድ ያዥ ነው። ደዋዳርነት መጀመሪያ ትንሽ ሹመት ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከአገሪቱ ታላላቅ አሚሮች የአንዱ ሆነ። የመጨረሻው ሱልጣን ቱማንባይ ከመንገሡ በፊት ታላቁ ደዋዳር ነበር። ይህ ዓለም ለእኛም ታሪክ ቅርብ ነው፤ የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ከማምሉኮች አገር የሸሸ ሰው ለንጉሡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት እንዳቋቋመላቸው ጽፏል። መሣሪያ ያዥነት ከካይሮ ቤተ መንግሥት ተነሥቶ የት የት እንደ ደረሰ በዚህ ይታያል።

ሹመቶቹ ከጠፉ በኋላ ቃላቱ ግን ቀርተዋል፤ ሲያነቡ ድንገት ያገኟቸዋልና ልንገርዎ። ቆርቺ በሳፋቪዶች ፋርስ የሻሁ ዘብ ስም ሆኖ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ዳሩጋ በሕንድ ክፍለ አህጉር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወርዶ ዳሮጋ የሚባል መኮንን ሆነ። ያም ከተባለው የሞንጎሎች የመልእክት ጣቢያ የወጣው ያምሽቺክ በሩስያኛ የሠረገላ ነጂ ነው፤ የካኑ ትእዛዝ ያርሊግም በዚያው ቋንቋ ዛሬ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ያርሊክ ሆኗል። ባውርቺ ደግሞ በዴልሂና በላሆር ዛሬም ይነገራል። ባዋርቺ ይሉታል፣ ምግብ የሚበስልበትን ቤት ደግሞ ባዋርቺ ኻና፤ የባዋርቺ ትርጉሙም እርስዎ ያነበቡት የአማርኛ ትርጉም ነው፣ ምግብ አብሳይ።